የንግድ መደብር በፍቺ ጊዜ እንዴት ይከፈላል?

ባልና ሚስት ሲፋቱ ዕቃ መካፈል ብዙ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ሱቁ ነው። ብዙ ሰው «ንግድ ፈቃዱ በስሙ ነውና የእሱ ነው» ይላል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም።

በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ ንብረቱ በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግሉ መሆኑን ካላስረዳ በቀር የጋራ ነው ብሎ ይገምታል (አንቀጽ 63)። ከጋብቻ በፊት የነበረ፥ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ የግል ነው (አንቀጽ 57)። የግል ንብረት የሚያስገኘው ገቢ ግን የጋራ ነው (አንቀጽ 62)።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው ከማግባቱ በፊት የጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ ካገባ በኋላ በትርፉ ሁለተኛ ሱቅ ከፈተ እንበል። ፊተኛው የግሉ ነው። ሁለተኛው ግን ሚስቱ አንድ ቀን እንኳ ባንኮኒው ኋላ ባትቆም የጋራቸው ነው። ይኸው ሱቅ 900,000 ብር ቢገመትና 300,000 ብር ዕዳ ቢኖርበት፥ የሚቀረው 600,000 ብር እኩል ይካፈላል። አንደኛው ሱቁን ቢወስድ ለሌላው 300,000 ብር ይከፍላል፤ ካልተስማሙ ተሽጦ ገንዘቡን ይካፈላሉ።

በግምቱ ጊዜ የሚረሳው የሱቁ ዝናና ደንበኛው ነው። መደርደሪያውን ብቻ የቆጠረ ወገን የሚገባውን ሁሉ አላገኘም። «የግሌ ነው» የሚል ደግሞ ማስረዳት የራሱ ፋንታ ነውና፥ የሒሳብ መዝገቡን ከሠርጉ ቀን ጀምሮ በደንብ ይያዝ።