«ጤዛ»ን እንዴት እንየው?

የጦርነት ፊልም ሲባል ዓይናችን ተኩስ ይፈልጋል። እስኪ ለዛሬ ተኩሱን ትተን ቤቱን እንይ።

መጀመሪያ ከሩቅ እንነሣ። እንግሊዞቹ ኖኤል ካዋርድና ዴቪድ ሊን «ኢን ዊች ዊ ሰርቭ» የተባለውን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1942፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያልቅ ሠሩት። መርከባቸው ሰጥማ አንድ መንሳፈፊያ የሙጥኝ ያሉ ባሕረኞች በየተራ ቤታቸውን ያስታውሳሉ። አንዱን ትዕይንት ልብ በሉ፦ ከባሕረኞቹ አንዱ ከሚስቱ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ወንድ ልጅ ተወልዶለታል፤ የአለቃው የሃርዲ ሚስት ግን በአየር ድብደባ ሞታለች። መርዶ ነጋሪው እሱ ሊሆን ነው። ሃርዲ በዚያ ሰዓት ለሚስቱ እየጻፈ ነበር። ሲሰማ አይጮህም፤ «እንኳን ደስ ያለህ» ብሎ ይወጣና የጀመረውን ደብዳቤ ባሕር ውስጥ ይጥለዋል። ለቅሶን በዋይታ ለሚያውቅ ሰው ይህ ዝምታ እንግዳ ነው፤ ቸኩላችሁ «ጨካኝ» አትበሉት።

አሁን ወደ ደጃችን እንምጣ። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው «ጤዛ» የተባለው ፊልም በዚያው ዓመት በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን አግኝቷል። ከእንግሊዞቹ ጋር መንገዱ ተገላቢጦሽ ነው። እነሱ ከጦርነቱ ሆነው ቤት ይናፍቃሉ፤ ኃይሌ ጣና ዳር እናት ቤት ያስቀምጠንና የእርስ በርስ ጦርነቱ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። ከጉዛራ ግንብ ቁልቁል ሐይቁን እያየ ያደገ የእንፍራንዝ ልጅ አገሩን ለመለየት አስተርጓሚ አያሻውም።

ታሪኩ በደርግ መጨረሻ ዘመን ወደ መንደሩ የተመለሰው የአንበርብር ነው። ጀርመን ሕክምና ተምሯል። ፊልሙ ከመንደር ወደ ጀርመን፣ ከዚያ አዲስ አበባ እየዘለለ ብዙ ሰው ግራ ያጋባል። ዘዴው ይኸውላችሁ፦ እግሩን ተመልከቱ። ካነከሰ አሁን መንደሩ ውስጥ ናችሁ፤ በደህና እግሩ ከሄደ አብዛኛውን ጊዜ ትዝታ ነው።

ቀጥሎ የመንደሩን ወጣቶች ተከታተሉ። አፈሳ ፈርተው ዋሻ ውስጥ ይሸሸጋሉ። በዚያ ዘመን ልጅ የነበራት እናት ይህን ክፍል ያለ ማብራሪያ ታውቀዋለች። የአንበርብር እናትም መንደሩ ያገለላትን አዛኑ የተባለች ሴት አስጠግታ ይዛለች፤ እኔ ከጀግና የምቆጥረው እናቲቱን ነው።

ፊልሙ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል። ጀርመን ውስጥ ተማሪዎቹ የሚያደርጉት ክርክር ለእኔ ጥቂት ይረዝማል። ቡና መጠጣት ካሰባችሁ ግን እዚያ ላይ አትነሡ፤ የአንበርብር ትውልድ ምን ተመኝቶ እንደነበር የሚሰማው በዚያ ክርክር ነው።