የተያዙት ሰዎች ቁጥር አነስተኛ ነው ማለት በሽታው የለም ማለት አይደለም

ይህ መረጃ በሆግቭሊትና በአካባቢው ለሚኖሩ ታካሚዎች የተዘጋጀ ነው።

በወረርሽኝ ጊዜ በዜና የሚሰሙት ቁጥር በምርመራ የተረጋገጡ ሰዎችን ብቻ ያሳያል። ታሞ ያልተመረመረ ሰው በቁጥሩ ውስጥ አይገባም።

ቁጥሩ ለምን ያንሳል?

• የምርመራ እጥረት ሲኖር፦ በኔዘርላንድ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ የታወቀው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2020 ነው። ምልክት ያለው ሰው ሁሉ መመርመር የቻለው ግን ከጁን 1 ቀን 2020 ጀምሮ ነበር። ከዚያ በፊት ቤታቸው ታመው የዳኑ ብዙ ሰዎች አልተቆጠሩም።

• ምልክት ሳይታይ ሲቀር፦ አንዳንድ ሰው ሕመም ሳይሰማው ቫይረሱን ወደ ሌላ ያስተላልፋል።

• ሰዎች ቤታቸው ራሳቸውን ሲመረምሩ፦ ውጤቱን ካላስመዘገቡ ማንም አይቆጥረውም።

• ሰዎች ሲፈሩ፦ ሥራ እንዳይቀርባቸው ወይም ወጪ እንዳይመጣባቸው ሰግተው ሳይመረመሩ ይቀራሉ።

ልዩነቱ ምን ያህል ሊሆን ይችላል?

እስከ ጁን 2020 መጨረሻ ድረስ በምርመራ ተረጋግጦ የተመዘገበው ሞት 6,100 ያህል ነበር። የሀገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ሐኪሞች የሞሉትን የሞት ማስረጃ ሲመለከት ግን በኮቪድ-19 ወይም በእሱ በተጠረጠረ ሕመም የሞቱት ከ10,000 በላይ ሆነው ተገኙ።

ባለሙያዎች በሌላ መንገድም ይከታተላሉ። የታመመ ሰው ቫይረሱን በሰገራው ስለሚያስወጣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ይመረመራል። በማርች 2020 በአመርስፎርት ከተማ የቫይረሱ ምልክት በፍሳሽ ውስጥ የተገኘው በከተማዋ ታማሚ መኖሩ ከመነገሩ በፊት ነበር።

እርስዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

• ሳልና ትኩሳት ካለብዎ ቁጥሩ ዝቅተኛ ቢሆንም ቤትዎ ይቆዩ። አረጋውያንን፣ ነፍሰ ጡሮችንና የቆየ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አይጠይቁ። ለቅሶም ሆነ ድግስ ካለ በስልክ ይድረሱ።

• ሕመሙ ከባሰብዎ ለቤተሰብ ሐኪምዎ (ሃይስአርትስ) ይደውሉ። በጤና መድን ሐኪሙን ለማነጋገር ከራስዎ ድርሻ (ኤይኸን ሪሲኮ) አይቆረጥም። ሐኪሙ ለሚያዝዘው የላቦራቶሪ ምርመራ ግን ሊቆረጥ ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ።

• መተንፈስ በጣም ካቃተዎ ወዲያውኑ 112 ይደውሉ።