ቫይረስ የገባበትን ወዳጅ መርዳት፤ ከማሽኑ በፊት ሒሳቡን

በንግድ ቤት ውስጥ ኮምፒዩተር ሲበላሽ ጉዳቱ የመሣሪያው ብቻ አይደለም። የዱቤ መዝገቡ፣ የደንበኞች አድራሻና የዕቃ ማዘዣው ሁሉ በውስጡ ነው። ስለዚህም "ኮምፒዩተር ታውቃለህና ድረስልኝ" ተብሎ የተጠራ ወዳጅ ከማሽኑ በፊት ለሒሳቡ ሊያስብ ይገባል።

ለመሆኑ ቫይረስና ስፓም ምን ያገናኛቸዋል?

ቫይረስ ሆን ተብሎ የተጻፈና ራሱን እያባዛ የሚዛመት ፕሮግራም ነው። ስፓም ደግሞ ተቀባዩ ሳይጠይቅ በጅምላ የሚላክ መልእክት ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ኢ-ሜይል ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ከፊሊፒንስ የተነሳው "አይ ላቭ ዩ" ቫይረስ የፍቅር ደብዳቤ መስሎ ይደርስ ነበር። ተቀባዩ አባሪውን ሲከፍት፣ በአድራሻ መዝገቡ ለሰፈሩት ሁሉ በእርሱ ስም ይላካል። ብዙዎች የተታለሉትም ላኪውን ስለሚያውቁት ነበር።

የስፓም ምሥጢሩ ዋጋው ነው። አንድ ተጨማሪ መልእክት ለመላክ የሚወጣው ወጪ ከምንም የማይቆጠር በመሆኑ፣ ከብዙ ሺህ ተቀባይ ጥቂቱ ቢታለል ላኪው ያተርፋል። ኪሣራው በተቀባዩ ላይ ይወድቃል። ለማይታወቅ ላኪ "ከዝርዝርህ አውጣኝ" ብሎ መመለስም አድራሻው የሚሠራ መሆኑን ከማረጋገጥ አያልፍም።

ረዳቱ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ የኔትወርክ ገመዱን ነቅሎ፣ ዋይ ፋዩን አጥፍቶ ኮምፒዩተሩን ከሌሎች ይለየው። ፍላሽ ዲስክም ከዚያ ወደ ሌላ አያዟዙር።

ሁለተኛ፣ የባንክና የኢ-ሜይል የይለፍ ቃሎች ከሌላ ንጹሕ ኮምፒዩተር ይለወጡ። የኢ-ሜይሉ ማስተካከያም ይፈተሽ፤ ሌባው ደብዳቤዎቹ ለእርሱም እንዲደርሱት አዝዞ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ በወቅታዊ ጸረ ቫይረስ ይመርመር። ካልጸዳ፣ ሰነዶቹን ለብቻ አስቀምጦ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ይሻላል።

አራተኛ፣ ማሻሻያዎች በወቅቱ ይጫኑ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 "ዋናክራይ" የተባለው ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ፋይሎችን ቆልፎ 300 ዶላር በቢትኮይን ይጠይቅ ነበር። ማይክሮሶፍት ግን ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር። በወቅቱ የጫኑት ተርፈዋል።

ትልቁ ኪሣራ

ለአስመጪ ከሁሉ የከፋው የተቆለፈ ፋይል ላይሆን ይችላል። ሌባ የአቅራቢውን ወይም የነጋዴውን ኢ-ሜይል ከሰበረ በኋላ ድርድሩን በዝምታ ይከታተላል። ቅድሚያ ክፍያ ሊፈጸም ሲል፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ የተለወጠ ፕሮፎርማ ኢንቮይስ ይልካል። ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ማስመለሱ እጅግ አስቸጋሪ ነው። መከላከያው ግን ቀላል ነው፦ የሒሳብ ቁጥር በተለወጠ ጊዜ ሁሉ ወደ አቅራቢው መደወል። የሚደወለውም በኢ-ሜይሉ ላይ ባለው ሳይሆን ቀድሞ በሚታወቀው ስልክ ነው።

በኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ቫይረስ ማሠራጨትንም ሆነ ያለተቀባዩ ፈቃድ የማስታወቂያ ኢ-ሜይል መላክን በወንጀል ያስቀጣል። ይሁንና ሌባው በሌላ አገር ሲሆን ሕጉ ቶሎ ላይደርስለት ይችላል። ስለዚህ ረዳቱ ወዳጅ ከመሰናበቱ በፊት የሒሳቡን ቅጂ ከኮምፒዩተሩ ውጪ በሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጥ፤ በየሳምንቱ የሚያድሰውንም ሰው ከባለ ንግዱ ጋር ይወስን። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።