ምዕራፍ ስምንት፦ ከረጅም ሩጫ ማግስት የሚወሰድ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት

ረጅም ርቀት ሮጦ ገና ያላገገመ ሰው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ቢወስድ ይጎዳው እንደሆነ፣ ወይም የዛለ ሰውነት ክትባቱን በወጉ ስለማይቀበለው መርፌው በከንቱ ይቀር እንደሆነ፣ በሯጮችም በሐኪሞችም ዘንድ ሲያከራክር የኖረ ጥያቄ ነው። በአዲስ አበባ ከኡራኤል ወደ መገናኛ በሚዘልቀውና የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ስም በያዘው ጎዳና ዙሪያ፣ በሃያ ሁለትና በአካባቢው ለሚኖር ሰው ደግሞ ጥያቄው ሩቅ አይደለም፤ ጎሕ ሲቀድ በአስፋልቱ ዳር የሚሮጠው ወጣትም፣ ኅዳር ሲደርስ የታላቁን ሩጫ ካናቴራ ለብሶ ወደ መስቀል አደባባይ የሚወርደው የቢሮ ሠራተኛም በየዓመቱ ይገጥመዋል። በዚህ ምዕራፍ እንደሚታየው ከሩጫ በኋላ ጥቂት ቀናት መታገሥ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው የሰውነት መከላከያ ስለተዳከመ ሳይሆን፣ በእነዚያ ቀናት ሰውነት የሚያሳየውን ምልክት ከክትባቱ ስሜት ለይቶ ማንበብ ስለሚያስቸግር ነው።

ኅዳር በአዲስ አበባ የሩጫም የኢንፍሉዌንዛም ወር ነው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1994 ዓ.ም. በዚሁ ወር ሲሆን፣ አሥር ሺህ ሰው በተሳተፈበት በዚያ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ከወንዶች ቀዳሚ ሆኖ የገባው መሥራቹ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ ነበር። ከዚያ 83 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኅዳር 1911 ዓ.ም.፣ ዓለምን ያዳረሰው ታላቁ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ይህችኑ ከተማ መትቷት በአዲስ አበባ ብቻ አሥር ሺህ ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል፤ ሕዝቡም «የኅዳር በሽታ» አለው። ከታመሙት መካከል በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት ራስ ተፈሪ መኰንን ይገኙበታል፣ እርሳቸው ግን ድነው ተነሥተዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በቅዱስ ሚካኤል በዓል ዕለት፣ ቆሻሻው በየደጁ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ የዚያ መቅሠፍት መታሰቢያ ነው። የጽዳቱ ሐሳብ የሚያስመሰግን ሆኖ ሳለ ጭሱ ቫይረሱን አያባርርም፤ ውድድሩ በዚያው ሰሞን በዋለበት ዓመት ደግሞ በከባድ ትንፋሽ የተላጠውን የሯጭ ጉሮሮ ይበልጥ ይቆጠቁጠዋል።

እዚህ ላይ ሦስት የሚምታቱ ስሞችን መለየት ያስፈልጋል። ጉንፋን የሚባለው በብዙ ዓይነት ቫይረሶች የሚመጣ፣ አፍንጫን የሚያፈስና ጉሮሮን የሚከረክር፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰውን ከሥራው የማያስቀር ቀላል ሕመም ነው። ኢንፍሉዌንዛ ግን በራሱ ቫይረስ የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው፤ በድንገት ይጀምራል፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታትና መላ ሰውነትን የሚሰባብር ሕመም ያስከትላል፣ በአረጋውያን፣ በነፍሰ ጡሮች፣ በሕፃናትና የልብ፣ የሳንባ ወይም የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ሲበረታም ለሞት ያደርሳል። ምች ደግሞ በባህላዊው አረዳድ ላብ ላይ ብርድ ወይም ፀሐይ ሲመታ ይመጣል የሚባለው ሕመም ሲሆን፣ ዳማ ከሴ የሚታሸለት ለዚህ ነው። ሮጦ የገባ ሰው ላቡ ሳይደርቅ ደረቅ ልብስ እንዲቀይር የሚመክሩ እናቶች ሰውነት እንዳይቀዘቅዝ መርዳታቸው እውነት ነው፤ ኢንፍሉዌንዛን የሚያመጣው ግን ከታመመ ሰው በሳል፣ በትንፋሽና በእጅ የሚተላለፈው ቫይረስ ነው። ስለዚህም ከመስቀል አደባባይ ወደ ሃያ ሁለት የሚመለሰው ተሳፋሪ ብርድ ፈርቶ የታክሲውን መስኮት ሲያዘጋ፣ አንድ የታመመ ሰው በውስጡ ካለ አደጋውን ከራሱ ጋር ቆልፎበት ይጓዛል።

ከረጅም ሩጫ በኋላ ሰው ለበሽታ ይጋለጣል የሚለው እምነት ከሜዳ ታዛቢዎች አልፎ በጥናትም ተደግፎ ነበር። ከእነዚህ ጥናቶች በጣም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 በሎስ አንጀለስ ማራቶን ላይ የተደረገውና 2,311 ሯጮችን የጠየቀው ነው፤ ውድድሩን ከሮጡት መካከል 12.9 በመቶ የሚሆኑት በተከታዩ ሳምንት መታመማቸውን ሲናገሩ፣ ተመሳሳይ ልምምድ እያላቸው ከሕመም ውጪ በሆነ ምክንያት ካልሮጡት ግን የታመሙት 2.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚህና ከመሰሎቹ «የተከፈተ መስኮት» የሚባለው መላምት ተወለደ። መላምቱ የሚለው ከብርቱ ሩጫ በኋላ ከጥቂት ሰዓታት እስከ ሦስት ቀን ድረስ የሰውነት መከላከያ ስለሚላላ፣ ቫይረስ በዚያ ክፍተት ይገባል ነው። በእርግጥም ከሩጫ በኋላ ባሉት ሰዓታት በደም ውስጥ የሚዞሩት ሊምፎሳይት የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ቁጥር ከወትሮው በታች ይወርዳል።

ይሁን እንጂ መላምቱ ከጊዜ በኋላ ጠንካራ ተቃውሞ ገጥሞታል። በእንግሊዝ አገር የባዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ትንታኔ፣ ከደም የጠፉት ሴሎች ወደ ሳንባ፣ ወደ አንጀትና ወደ መሰሎቹ የአካል ክፍሎች ተሰማርተው ጥበቃ ላይ እንጂ ሞተው እንዳልሆነ፣ በአንድ ቀን ውስጥም ቁጥራቸው እንደሚመለስ አስረድተዋል። በተጨማሪም በቀደሙት ጥናቶች ታመምኩ ያለው ሯጭ በላቦራቶሪ አልተመረመረም ነበር፤ የጉሮሮ መከርከር ደግሞ ከደረቅ አየር፣ ከአቧራና ከተሽከርካሪ ጭስም ይመጣል፣ ይህም በኅዳር ወር ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ እየተነፈሰ ለሚሮጥ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ሯጭ በእውነት ሲታመም ተጠያቂዎቹ ብዙ ጊዜ በዙሪያው ያሉት ነገሮች ናቸው፦ በመነሻው ላይ ትከሻ ለትከሻ የቆመው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ፣ በጭንቀት እንቅልፍ ያጣበት ሌሊት፣ እንዲሁም ለባለሙያው አትሌት የአውሮፕላን ጉዞ። ጥር ላይ ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ዱባይ፣ ወይም የካቲት ላይ ወደ ቶኪዮ የሚበር ማራቶን ሯጭ ኢንፍሉዌንዛ በሰሜኑ የዓለም ክፍል በሚበረታበት ወቅት ነው የሚደርሰው።

ታዲያ በዚህ ጊዜ የተወሰደ ክትባት ይሠራል? መልሱን ለመረዳት የክትባቱን አሠራር ማየት ይበቃል። በመርፌ የሚሰጠው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሕያው ቫይረስ የለውም፤ የተገደለ ቫይረስ ወይም የቫይረሱ ቁራጭ ብቻ ስለያዘ በሽታውን ራሱን ሊያስይዝ አይችልም። ቁራጩ በትከሻ ጡንቻ ውስጥ ሲገባ የመከላከያ ሴሎች ተቀብለው በብብት ሥር ወዳሉት ንፍፊቶች ይወስዱታል፤ እዚያም ሌሎች ሴሎች ቫይረሱን ማወቅ ይማሩና ፀረ እንግዳ አካል የተባሉትን ተዋጊ ፕሮቲኖች ማምረት ይጀምራሉ። ትምህርቱ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ለሁለት ሳምንት የሚዘልቅ ሥራ ደግሞ ለጥቂት ሰዓታት በሚቆይ የሴሎች መዋዠቅ አይፈርስም። ይህ ከግምት ያለፈ ነው፤ በዴንማርክ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ አከታትለው የተወዳደሩ ሰዎችን ከውድድሩ በኋላ የቴታነስ፣ የዲፍቴሪያና የኒሞኮከስ ክትባት ሰጥቶ ሲከታተላቸው፣ በቆዳ ላይ የተደረገው አንድ የመከላከያ ፈተና ደከም ቢልም የፀረ እንግዳ አካላቸው መጠን ካልተወዳደሩት ያላነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በጀርመን የዛርላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ለታላላቅ አትሌቶች የኢንፍሉዌንዛውን ክትባት ራሱን ሰጥተው፣ ከልምምድ በኋላ በሁለት ሰዓት የተከተቡትና አንድ ቀን ያህል ቆይተው የተከተቡት ተመሳሳይ ጥበቃ እንዳገኙ እ.ኤ.አ. በ2020 አሳይተዋል። የዚህኛው ጥናት ልምምድ ማራቶን አለመሆኑ ባይዘነጋም፣ ሁለቱ ማስረጃዎች አንድ ላይ ሲታዩ የደከመ ሰውነት ክትባቱን ያባክናል የሚለውን ፍርሃት ያስወግዳሉ።

የሚቀረው የምልክቶች መምታታት ነው፤ የዚህ ምዕራፍ ዋና ጉዳይም እርሱ ነው። ክትባቱ በተወጋው ክንድ ላይ ሕመም፣ አንዳንዴም ቀላል ትኩሳት፣ ድካምና የጡንቻ መዛል ያስከትላል፤ ይህም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ያልፋል። ረጅም ሩጫም የጡንቻ ሕመም ያስከትላል፤ ሕመሙ ወዲያው ከመሰማት ይልቅ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይበረታል። እሑድ ሮጦ ሰኞ የተከተበ ሰው ማክሰኞ ሲንቀጠቀጥ ቢነሣ፣ ከሩጫው ይሁን፣ ከመርፌው ይሁን፣ ወይስ በመነሻው ሕዝብ መካከል ከያዘው እውነተኛ ኢንፍሉዌንዛ ይሁን ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል። ችግሩ ከመደናገር በላይ አደገኛ የሚሆንባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ። የመጀመሪያው ራብዶማዮሊሲስ ነው፤ ይህ ከአቅም በላይ የሠራ ጡንቻ ተፈረካክሶ ይዘቱ ወደ ደም ሲፈስና ኩላሊትን ሲጎዳ የሚፈጠር ሕመም ሲሆን፣ ሽንት እንደ ኮካ ወይም እንደ ጠቆረ ሻይ መምሰሉ ዋነኛ ምልክቱ ነው። «መርፌው ነው ያዛለኝ» ብሎ ይህን ችላ ያለ ሰው ኩላሊቱን ሊያጣ ይችላል። ሁለተኛው ማዮካርዳይተስ፣ ማለትም የልብ ጡንቻ ብግነት ነው፤ ቫይረስ በሰውነት ውስጥ እያለና ትኩሳት እያቃጠለ ልምምድ መቀጠል ልብን ለዚህ ብግነት ሊያጋልጥ ስለሚችል፣ ትኩሳቱን «የክትባቱ ነው» ብሎ ወደ እንጦጦ ዳገት የሚወጣ ሯጭ በሕይወቱ ላይ ይፈርዳል።

ከዚህ የተነሣ የተሻለው ጊዜ ከውድድሩ በፊት ነው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ የተከተበ ሰው በመነሻው ሕዝብ መካከል ሲቆም ጥበቃው ደርሶለት ይገኛል፤ ለኅዳሩ ሩጫ የሚዘጋጅ ሰው በጥቅምት መጀመሪያ፣ ዱባይ የሚሄድም በታኅሣሥ መጀመሪያ ቢከተብ ይመረጣል። ያ ካለፈ፣ ጡንቻው መፍታታት እስኪጀምር፣ እንቅልፉና ምግቡ ወደ ወትሮው እስኪመለሱ፣ ማለትም ከ10 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ ከማራቶን በኋላ አንድ ሳምንት ያህል መቆየት ይበቃል። መቆየቱ ምክር እንጂ ክልከላ አይደለም፤ በማግሥቱ ብቻ ጊዜ ያገኘ፣ ወይም ቤቱ ውስጥ አረጋዊ እናትን የሚያስታምም ሰው በማግሥቱ ቢከተብ አይጎዳም። ትኩሳት ካለ ግን ሕመሙ እስኪያልፍ መቆየት ያስፈልጋል፤ አፍንጫ ማፍሰስ ብቻ ክትባትን አይከለክልም። ከዚህ ቀደም ለዚህ ክትባት ብርቱ የአለርጂ ምላሽ ያሳየ ሰው፣ ወይም ጊላን ባሬ የተባለው ነርቭን የሚያደክም ሕመም ከክትባት በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ይዞት የነበረ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ማማከር አለበት።

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በኢትዮጵያ በመደበኛው የክትባት ፕሮግራም ውስጥ ስለማይሰጥ፣ ፈላጊው በቦሌና በሃያ ሁለት አካባቢ ወደሚገኙት የግል የጤና ተቋማት አስቀድሞ ደውሎ መኖሩን መጠየቅ ይኖርበታል። መኖሩ ሲታወቅ ሁለት ነገር ማየት ይገባል። አንደኛው ወቅቱ ነው፤ ቫይረሱ መልኩን ስለሚለዋውጥ የዓለም ጤና ድርጅት በክትባቱ የሚገቡትን ዝርያዎች በየዓመቱ፣ ለሰሜኑ የዓለም ክፍል በየካቲት፣ ለደቡቡ በመስከረም ይመርጣል፤ ስለዚህ ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ወቅት ያለፈ እንዳይሆን ማንበብ ያስፈልጋል። ሌላው ማቀዝቀዣው ነው፤ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ ካልቆየ፣ በተለይም በረዶ ከሆነ፣ ኃይሉን ያጣል። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ክትባቱ ጥራቱን ካልጠበቀ ከፋዩ ያላገኘውን ጥበቃ አገኘሁ ብሎ ይቀመጣል።

ወደ ክሊኒክ የሚሄድ ሯጭ ውኃ ጠጥቶና በልቶ ቢሄድ ይመረጣል፤ ከሩጫ በኋላ ውኃው የጎደለበት ሰው መርፌ ሲወጋ ድንገት ራሱን ስቶ ሊወድቅ ስለሚችል ተቀምጦ መወጋት፣ ከተወጋም በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል እዚያው መቆየት አለበት። የኅዳሩ ሩጫ የገና ጾም ከሚገባበት ከኅዳር 15 ጋር ስለሚቀራረብ ምግብ ነገር መነሣቱ አይቀርም። ሥጋና ወተት መቅረታቸው ማገገምን አይከለክልም፤ በሶ፣ ሽሮ፣ ምስርና ድንች ጡንቻ የሚፈልገውን ኃይልና ፕሮቲን ይሰጣሉ። የሚጎዳው ከሩጫ በኋላ ባሉት ሰዓታት ምንም ሳይቀምሱ መዋል ነው፤ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ከፍ ብሎ እንዲቆይ ያደርጋል። ለክንዱ ሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ግን በሩጫ ውኃው በጎደለ ሰውነት ውስጥ ኩላሊትን ስለሚያስጨንቁ፣ ሽንት ወደ ነጣ ያለ ቀለሙ እስኪመለስ ባይወሰዱ ይመረጣል።

ከመርፌው በኋላ ባለው ቀን በእግር መንሸራሸር ወይም ሶምሶማ መሮጥ ለጤነኛ ሰው አይከለከልም፤ የሚከለከለው ፍጥነትና ዳገት ነው። ትኩሳት መለኪያ ከ38 ዲግሪ በላይ ካሳየ ጫማው ይቀመጣል። ትኩሳቱ ከሁለት ቀን በላይ ከዘለቀ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከተወጋ፣ ወይም ሽንት ከጠቆረ፣ ያ ሰው ምልክቱን በመርፌው ማሳበብ ትቶ በዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ መቼ እንደሮጠ፣ ምን ያህል ርቀት እንደሮጠና መቼ እንደተከተበም ሳይጠየቅ አስቀድሞ ይናገር።