የእጅ ሰዓት የተሠራበት አገርና የዋጋው ነገር

በአርባ ምንጭ፣ በሲቀላም ሆነ በሴቻ ሱቆች ለሽያጭ የሚቀርበው የእጅ ሰዓት በገጹ ላይ የአንድ አገር ስም ቢጻፍበትም ብዙውን ጊዜ የአንድ አገር ሥራ አይደለም። ሞተሩ በጃፓን፣ ቀፎውና ማሰሪያው በቻይና የተሠራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነጋዴው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት የጽሕፈቱን ትርጉም ሊያውቅ ይገባዋል።

«ስዊስ ሜድ» የሚለው ቃል በሕግ የተወሰነ ነው። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ስም የሚይዝ ሰዓት ከማምረቻ ወጪው ቢያንስ 60 በመቶው በስዊስ አገር የወጣ፣ ሞተሩም የስዊስ ሆኖ በቀፎው ውስጥ የተገጠመውና በመጨረሻ የተመረመረው በዚያው መሆን አለበት። የቀረው ከየትም ቢመጣ ሕጉ አይከለክልም። «ጃፓን ሙቭት» የሚለው ግን ስለ ሞተሩ ብቻ ይናገራል፤ ስለ ቀፎውና ስለ መስተዋቱ አንዳች አይልም። ይህን አይቶ «ሙሉ የጃፓን ሥራ ነው» ብሎ የሚሸጥ ባለሱቅ፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ ደንበኛውን ያታልላል።

ርካሽነት ብቻውን የጉድለት ማስረጃ አይደለም። ሴይኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የኳርትዝ እጅ ሰዓት ለገበያ ሲያወጣ ዋጋው 450,000 የን፣ ማለት የአንድ አውቶሞቢል ግምት ነበር። ዛሬ የዚያ ዐይነት ሞተር በብዛት ስለሚመረት እጅግ ረክሷል፤ ሆኖም በወር የሚዛነፈው 15 ወይም 20 ሰከንድ ያህል ነው። በእጅ የሚሞላው ውድ ሰዓት ያን ያህል በጥቂት ቀናት ሊሳሳት ይችላል። ስዊሶችም በ1975 ዓ.ም. ስዋች የተባለውን ሲያወጡ ከአገራቸው ሳይወጡ የሰዓቱን ክፍሎች ወደ 51 በመቀነስ ዋጋውን አወረዱ።

ጉዳቱ የሚታየው አምራቹ በቀፎው ላይ ሲቆጥብ ነው። በተራ ብረት ላይ የተቀባው ወርቅ መሰል ቅብ በአባያ ቆላ ሙቀትና ላብ ቶሎ ይላጣል፤ የጎማው ቀለበት ደካማ ከሆነም እርጥበት ገብቶ ደኅናውን ሞተር ያበላሻል። «30 ሜትር» የሚለውም ሰዓቱ ዝናብና የእጅ መታጠብን ይችላል ማለት እንጂ 30 ሜትር ያህል ይጠለቅበታል ማለት አይደለም። በሐይቁ ላይ መረብ ለሚጥል ዓሣ አስጋሪ ይህ ሳይነገረው ቢሸጥለት ሰዓቱን ይዞ መመለሱ አይቀርም።

አስመጪው ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት ቀፎው የማይዝግ ብረት መሆኑን በጽሑፍ ያስረጋግጥ፤ ባለሱቁም ባትሪ ሲለውጥ የጎማውን ቀለበት አብሮ ይመርምር።