አእምሮው የደከመውን ወላጅ ስለ መጦር

ወላጅን የማክበር ትእዛዝ ወላጅ ልጁን እስከሚያውቅ ድረስ ብቻ የተሰጠ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በ3ኛው ምዕራፍ፥ የአባቱ አእምሮ ቢደክም እንኳ ልጅ ይታገሠው ዘንድ፥ እንዳይንቀውም ያስተምራል።

ይህ መርሳት ደዌ እንጂ የጠባይ ክፋት አይደለም። በብዛት የሚታየውን ዓይነት ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1906 ዓ.ም. ገልጦታል። ደዌው አስቀድሞ የቅርቡን ነገር ያስረሳል፤ የጥንቱ ይቈያል። ስለዚህ ቍርሱን የረሳ ሽማግሌ ዳዊቱን በቃሉ ሊደግም ይችላልና፥ «በልተዋል እኮ» ብሎ ከመከራከር አብሮ መድገም ይሻላል።

ነገር ግን በባሕር ማዶ፥ ባልና ሚስት ለሥራ ወጥተው ሽማግሌው ብቻውን ሲቀር፥ እሳት ለኵሶ ሲረሳ፥ ወጥቶም ሲጠፋ፥ በመጦሪያ ቤት ማኖር ኃጢአት ነውን? ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለዮሐንስ አደራ ሰጠ፤ አደራ መስጠት መጣል አይደለም። ኃጢአቱ አስረክቦ መርሳት ነው። ኋላ የተማረው ቋንቋ ሊጠፋበት ይችላልና፥ ልጅ ዘወትር እየጠየቀ በአፍ መፍቻው ያነጋግረው፤ ጾሙንና አያያዙን ይከታተል፤ ካህኑም ሥጋ ወደሙ እንዳይቋረጥበት ይትጋ። አባት የልጁን ስም ቢረሳ፥ ልጅ ልጅነቱን አይርሳ።