ውሻ ሰውን ቢነክስ ዜና ነው
ስለ ቤት ውሻችን ጤናና ደህንነት

ጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል የገባ ተማሪ ሁሉ ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚሰማት አንዲት አባባል አለች። «ውሻ ሰውን ቢነክስ ዜና አይደለም፤ ሰው ውሻን ቢነክስ ግን ዜና ነው» ትላለች። መምህራኖቻችን ያልተለመደ ነገር የሰውን ጆሮ እንደሚስብ ለማስረዳት ያመጧታል፤ እኛም ሳቅ ብለን ደብተራችን ላይ እንጽፋታለን። አባባሏ የመጣችው ከአሜሪካ ጋዜጦች መንደር ነው። አሜሪካ ደግሞ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ከምድሯ መጥፋቱን እ.ኤ.አ. በ2007 አውጃለች።

እኛ አገርስ? እንደሚታወቀው በአገራችን ውሻ የሌለበት ሰፈር የለም። ጊቢ ይጠብቃል፣ ከብት ይጠብቃል፣ ሌሊት ሲጮህ ሌባ ይርቃል። ነገር ግን አብዛኛው ውሻ ክትባት አላየም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በእብድ ውሻ በሽታ ይሞታሉ፤ አብዛኞቹም በአፍሪካና በእስያ ያሉ ናቸው። በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ ነው። በበሽታው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ውስጥ ደግሞ 40 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። እንግዲህ በእኛ አገር ውሻ ሰውን ሲነክስ ዜና ነው ማለት ነው። ዜናው ግን ከመድረሱ በፊት መከላከል ይቻላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው።

1. የእብድ ውሻ በሽታ ምንድን ነው?

በሽታው የሚመጣው በቫይረስ ነው። ቫይረሱ በታመመ እንስሳ ለሃጭ ውስጥ ይገኛል፤ በንክሻ፣ ወይም ለሃጩ ቁስልን፣ ዓይንን ወይም አፍን ሲነካ ይተላለፋል። ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ መስመር እየተጓዘ ወደ አንጎል ይወጣል። ሰው ላይ ምልክቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል፤ ከአንድ ሳምንት እስከ አንድ ዓመት የሚለያይበትም ጊዜ አለ። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ቁስሉ ድኗል፣ ልጁም ይጫወታል፣ «ምንም የለውም» ይባላል። ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ፍጻሜው ሞት ነው ማለት ይቻላል።

ውሻ ላይ በሽታው በሁለት መልክ ይታያል። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ውሻው ይቅበዘበዛል፣ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል፣ እንጨትና ድንጋይ ይበላል፣ ድምፁ ይለወጣል። ሁለተኛው ግን ጸጥ ያለ ነው። ውሻው ጥግ ይይዛል፣ አገጩ ይንጠለጠላል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ሰው ታዲያ «አጥንት አንቆት ነው» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ይኼ በጣም አደገኛ ነው። ሌላው የተሳሳተ እምነት «ውሻው ውሃ ከጠጣ አላበደም» የሚለው ነው። ውሃ መፍራት በዋናነት በታመመ ሰው ላይ የሚታይ ምልክት ነው። ያበደ ውሻ ውሃ ውስጥ ሊገባም፣ ሊሻገርም ይችላል።

2. ክትባት

ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዳል፤ ከዓመት በኋላ ይደገማል፣ ከዚያም የእንስሳት ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ ይቀጥላል። «የእኛ ውሻ ከጊቢ አይወጣም» የሚል ሰው ይኖራል። እሺ አይውጣ፤ ሌላው ግን በአጥር ሥር ሾልኮ ይገባል እኮ!

ከእብደት ሌላ ቡችላን በብዛት የሚጨርሱ ሁለት በሽታዎች አሉ፤ ፓርቮ እና ዲስተምፐር። ፓርቮ የያዘው ቡችላ ያስመልሰዋል፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያጣድፈዋል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ሊሞት ይችላል። ቫይረሱ በጊቢው አፈር ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ፣ ቡችላ የሞተበት ቤት ወዲያው ሌላ ያልተከተበ ቡችላ ቢያመጣ እሱም ይደገማል። ሰው ይህንን አይቶ «ጊቢያችን ውሻ አያሳድግም» ይላል። ጊቢው ሳይሆን ቫይረሱ ነው። የእነዚህ በሽታዎች ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜ ላይ ተጀምሮ፣ ቡችላው አራት ወር ገደማ እስኪሆነው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይደጋገማል። አንዱን ተከትቦ መቅረት በቂ አይደለም።

3. «ይህ ታሟል፣ ለውሻው ጣልለት»

ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ ቤታችንን የሚመለከት ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ላየው እወዳለሁ።

በፋሲካ፣ በገና፣ በመስቀል ወይም በአረፋ በግ ሲታረድ አንዳንዴ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ይገኛል። ያን ጊዜ አራጁ ወይም የቤቱ አባወራ ምን ይላል? «ይህ ታሟል፣ ለውሻው ጣልለት» ይላል። ውሻው ደስ ብሎት ይበላል። ሰውም ደግ የሠራ ይመስለዋል።

በውሃው ቋጠሮ ውስጥ ያሉት ግን የአንድ ትንሽ ጥገኛ ትል እጮች ናቸው። ውሻው ሲበላቸው አንጀቱ ውስጥ ያድጋሉ፣ እንቁላላቸውም ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። እንቁላሉ ሣሩ ላይ፣ ጎመኑ ላይ፣ የውሻው ፀጉር ላይ ይቀራል። በጉ ሣሩን ሲግጥ ይይዘዋል፤ ልጁ ደግሞ ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ሲቆርስ ይይዘዋል። ሰው ውስጥ ከገባ በኋላ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያው ቋጠሮ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። ሲታወቅም ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና ነው። ውሻው ይህን ሁሉ ጊዜ ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ «ለውሻው ጣልለት» ያልነው ነገር ዞሮ ዞሮ ወደ ማዕዳችን ይመለሳል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የተበላሸውን ጉበትና ሳንባ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጉድጓድ መቅበር ወይም ማቃጠል ነው። ለውሻ የሚሰጥ የሆድ ዕቃም በደንብ መቀቀል አለበት። ውሻው የእንስሳት ሐኪም በሚያዘው ጊዜ የትል መድኃኒት ይውሰድ፤ ለዚህ ትል የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ይባላል። የውሻ ዓይነ ምድር በየቀኑ ይጠረግ፣ ልጆችም እጅ መታጠብን ይልመዱ።

ስለ ምግብ ከተነሣ ሌላም አለ። በየቤቱ ውሻ የሚኖረው በወጥ ትርፍራፊ ነው። ወጣችን ደግሞ ያለ ቀይ ሽንኩርት አይሠራም። ሽንኩርት፣ ቀይም ሆነ ነጭ፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያጠፋል፤ ሲበዛም ደም ማነስ ያመጣል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ ከቤት ሲጠፋ ውሻው ሽሮ በእንጀራ ይሰጠዋል፤ ሽሮውም ሽንኩርት አለበት። ስለዚህ ወጡ ሳይነካው ደረቅ እንጀራ ወይም የበቆሎ ገንፎ ለይቶ ማስቀመጥ፣ ሲገኝም የተቀቀለ የሆድ ዕቃ መጨመር ይሻላል። የበሰለ አጥንት እየተሰነጠቀ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ቸኮላትና ዘቢብም ለውሻ መርዝ ናቸው። ለራስ ምታት የምንውጠውን ኢቡፕሮፌን ለውሻ መስጠትም ሊገድለው ይችላል። ንጹሕ ውሃ ግን ሁልጊዜ ይኑረው።

4. ሰንሰለትና ልጆች

ብዙ ቤት ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ፀሐይ ላይ የዋለ ውሻ ግን ጎበዝ ጠባቂ አይሆንም፤ የሚሆነው ፈሪና ተናካሽ ነው። ማሰር ግድ ከሆነ ገመዱ ረዘም ይበል፣ ጥላና ውሃ የሚደርስበት ይሁን፣ አንገቱን የሚያቆስል ሽቦ አይሁን። ማደሪያው ከመሬት ከፍ ያለና ዝናብ የማያስገባ ይሁን። መዥገርና ቁንጫም በየጊዜው ይታዩለት። ሴቷን ማስመከን ደግሞ ማሳደጊያ ያጡ ቡችሎች በካርቶን መንገድ ላይ እንዳይጣሉ ያደርጋል።

ልጆችን ሦስት ነገር እናስተምር፤ የሚበላ ውሻ፣ የተኛ ውሻ እና ቡችላ ያላት ውሻ አይነካም። የማያውቁት ውሻ ሲመጣ መሮጥ የለም፤ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ዓይኑን ትክ ብሎ አለማየት ነው።

5. ቢነክስስ?

ቅደም ተከተሉን በቃል ያዙት።

ሀ. ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት እያዩ ይታጠቡ። ቡና፣ በርበሬ ወይም ቅጠል አይነስንሱበት።

ለ. በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ። አዲስ አበባ ውስጥ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» የሚለው፣ አሁን የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሆነው ተቋም በዚህ ሥራው የታወቀ ነው። ስሙ የተወረሰው እ.ኤ.አ. በ1885 ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን በውሻ የተነከሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት ካከመው ከፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው።

ሐ. ክትባቱ በቀናት ልዩነት የሚሰጥ ስለሆነ እስከ መጨረሻው መውሰድ። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ የባህል ሐኪም ጋ የሚሄድም ይኖራል፤ ክትባቱ ግን በምንም ምክንያት አይዘግይ፣ አይቋረጥም።

መ. ውሻውን በደቦ ደብድቦ ገድሎ መቅበር ማስረጃ ማጥፋት ነው። ባለቤት ያለው ውሻ ከሆነ ተለይቶ ታስሮ ለ10 ቀን ይታያል። ከ10 ቀን በኋላ ጤነኛ ከሆነ፣ ሲነክስ ለሃጩ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ከሞተ ግን በባዶ እጅ ሳይነካ ለእንስሳት ሐኪም ይነገር፤ አንጎሉ በላቦራቶሪ ይመረመራል። የተነከሰው ሰው ግን 10 ቀኑን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፣ ሕክምናውን ይጀምራል።

6. መርዝ መፍትሔ ነውን?

በከተሞቻችን የመንገድ ውሻ ሲበዛ ሥጋ በመርዝ ለውሶ መጣል የቆየ ልምድ ነው። ባለቤት ያለውም ውሻ፣ ድመቱም፣ አሞራውም አብሮ ያልቃል። በሽታውስ ይጠፋል? አይጠፋም። ውሾቹ ባለቁበት ቦታ ቆሻሻው እስካለ ድረስ ሌሎች ያልተከተቡ ውሾች ይገቡበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከአካባቢው ውሾች ቢያንስ 70 በመቶውን መከተብ ነው። እዚያ ሲደረስ በሽታው የሚተላለፍበት ውሻ እያጣ ይከስማል።

ጉዳዩ ከሰውም ያልፋል። በባሌ ተራሮች የሚኖረው፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ በዚሁ በሽታ በተደጋጋሚ አልቋል፤ እ.ኤ.አ. በ2003፣ በ2008 እና በ2014 የተከሰቱት ወረርሽኞች ይጠቀሳሉ። ያመጡበት ከከብት ጋር ወደ ተራራው የሚወጡ ውሾች ናቸው። ዛሬ ዐዋቂ ቀይ ቀበሮ ከ500 በታች ነው ተብሎ ይገመታል። አንድ የገበሬ ውሻ ሲከተብ ልጁም ይድናል፣ ቀበሮውም ይድናል።

7. የእኛ ድርሻ

ጋዜጠኛ ለመሆን የምንማር ልጆች ይህ ምን አገባን እንላለን? «እብድ ውሻ አምስት ሰው ነከሰ» ብሎ ዜና መሥራት ቀላል ነው። ያ ዜና ግን ቁስሉ በሳሙና ይታጠብ ካላለ፣ ክትባት የት እንደሚገኝ ካልነገረ፣ ውሻው ተከትቦ እንደነበር ካልጠየቀ ጎዶሎ ነው። ሬዲዮ የሚያዳምጥ አንድ አባት ልጁ ሲነከስ የሚያስታውሰው ያንን አንድ ዐረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል። በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ይከበራል። ቀኑ መስከረም ላይ ስለሚውል ለሚኒ ሚዲያችን የአዲስ ዓመት የመጀመሪያ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል።

ለማጠቃለል ያህል፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ አባቶቻችን። እሱ የበላበትን ቤት ይጠብቃል፤ ቤቱ ደግሞ እሱን መጠበቅ አለበት። በዓመት አንድ ቀን ክትባት፣ የትል መድኃኒት፣ ሽንኩርት የሌለበት ምግብ፣ ውሃና ጥላ፤ ከዚህ የበለጠ አይጠይቅም። ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ፣ ዛሬ ወደ ቤት ስትሄዱ ወይም ስትደውሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ «የእኛ ውሻ መቼ ነበር የተከተበው?» መልሱ ዝም ከሆነ ሥራ አላችሁ ማለት ነው።

ቸር ሰንብቱ።